አንድም ሕንፃ ያልሠራው አርክቴክት

ይህ ገጽ ዘወትር የራሳችን ግቢ ልጆች የሕይወት ታሪክ የሚወጣበት ነው። ዘንድሮ ግን ደጃፋችንን ረግጦ የማያውቅ ሰው ይዤ ብቅ ብያለሁና አዘጋጆቹም እናንተም ይቅር በሉኝ። ምክንያት አለኝ። አምና በተገናኘንበት ምሽት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበርነው ሰዎች ምን ተምረን ምን ሆነን እንደቀረን ስንቆጥር፣ በተመረቀበት ሙያ ጡረታ የወጣው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። መሐንዲሱ ሆቴል ያስተዳድራል፤ የታሪክ ምሩቋ ባንክ ቤት ነው ያረጀችው። እየተሳሳቅን ሳለ እኔ አንድ ሰው ትዝ አለኝ፦ ጄምስ ስቱዋርት፣ ፊልም የሚወዱ ሁሉ ጂሚ የሚሉት። በአርክቴክቸር ተመርቆ አንድም ሕንፃ አልሠራም። ተዋናይ ሆኖ ኦስካር አገኘ፤ ወዲያው ካሜራውን ትቶ በተራ ወታደርነት ተቀጠረ፤ ጄኔራል ሆኖ ወጣ። ስለ ጦርነቱ ግን እሱን ማናገር ቀላል አልነበረም። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

የተወለደው ሜይ 20 ቀን 1908 ኢንዲያና በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በዚሁ ስም ከሚጠራው ክፍለ ግዛት ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ ከተማዋ ያለችው ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ነው። አባቱ አሌክሳንደር የቤት መሥሪያ ዕቃ መደብር ነበራቸው፤ ሚስማሩም መዶሻውም ገመዱም የሚሸጥበት። እናቱ ኤሊዛቤት ፒያኖ ይጫወታሉ። እሱና ሁለቱ እኅቶቹ ያደጉት በዚያ መደብርና በቤተ ክርስቲያን መካከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባትየው በስፔንና በአሜሪካ ጦርነትም በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የዘመቱ፣ ቆፍጠን ያሉ ሰው ነበሩ። ልጅየው የባሕር ኃይል አካዳሚ መግባት ፈልጎ ነበር። አባት ግን ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸውና ልጁም ወደዚያው እንዲሄድ አደረጉ። ያው የአባት ነገር ነው፤ እኛም ቤት የምናውቀው።

በ1928 ገባ፣ በ1932 ተመረቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ አውሮፕላን ያብደው ስለነበር የመመረቂያ ሥራውን በአውሮፕላን ማረፊያ ንድፍ ላይ አደረገ። ሥራው መምህራኑን ስላስደሰተ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሆን ስኮላርሺፕ አገኘለት። መንገዱ ተጠርጎለት ነበር ማለት ነው። ግን ሁለት ነገሮች መሐል ገቡ። አንደኛው ዘመኑ ነው፤ በ1932 አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች፣ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ትራያንግል ክለብ የሚባለው የተማሪዎች የሙዚቃ ቴአትር ቡድን ነው። ጂሚ አኮርዲዮኑን ይዞ እዚያ ይገባ ነበር። በትምህርት ከእሱ አንድ ዓመት የሚቀድመው ጆሹዋ ሎጋን፣ በኋላ ትልቅ ዳይሬክተር የሆነው፣ ክረምቱን ኬፕ ኮድ ባሕር ዳር ላይ ከወጣት ተዋንያን ቡድን ጋር እንዲያሳልፍ ጋበዘው። ለአንድ ክረምት ብሎ ሄደ፤ ስኮላርሺፑም እዚያው ቀረ።

በዚያ ቡድን በኩል ከሄንሪ ፎንዳ ጋር ተዋወቀ። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተው ሥራ ሲፈልጉ ኖሩ፤ በኋላም ሆሊውድ ሲሄዱ አብረው ተቀመጡ። ሞዴል አውሮፕላን አብረው ይገጣጥሙ ነበር። ስለ ዶርም ጓደኞቻችሁ ስታስቡ ይህን አስታውሱልኝ፦ ሁለቱ በፖለቲካ ዓይንና ናጫ ነበሩ፤ አንዴ ተጣልተው እስከ መደባደብ ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ፖለቲካ ላያወሩ ተስማሙና ፎንዳ በ1982 እስኪሞት ድረስ ወዳጅነታቸው ሳይበጠስ ቆየ።

ኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ በ1935 አስፈረመው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90፣ ቀጭን፣ ሲናገር ቃላቱን የሚጎትት፣ መሐል ላይ የሚንተባተብ ወጣት ነበር። ምን እንደሚያደርጉት ስላላወቁ ሁሉንም ሞከሩበት። በአንዱ ፊልም ዘፈነ፤ በሌላው ማንም ያልጠረጠረው ነፍሰ ገዳይ ሆነ፤ በሌላው ፓሪስ ውስጥ የቆሻሻ ቦይ ሠራተኛ ነው። ከዚያ ፍራንክ ካፕራ የተባለው ዳይሬክተር አገኘው። በ1939 በወጣው «ሚስተር ስሚዝ ጎዝ ቱ ዋሺንግተን» ላይ በሴኔት አዳራሽ ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ የሚናገረውን ወጣት ሴናተር ተጫወተ። ድምፁ እውነተኛ ጉርናት እንዲኖረው ሐኪም ጉሮሮውን የሚያስቆጣ መድኃኒት ይቀባለት ነበር። በዓመቱ «ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ»ን ሠራና በፌብሩዋሪ 1941 የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ተሸለመ። አባትየው ሐውልቱን አስልከው መደብራቸው መስኮት ላይ አስቀመጡት። ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ኦስካር አይቶ ይመለስ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት።

ሽልማቱን በተቀበለ በወሩ ወታደር ሆነ። ነገሩ ግን ቀደም ብሎ የጀመረ ነው። በ1940 መገባደጃ ላይ የውትድርና ምልመላ ደርሶት ሲመዘን ለቁመቱ ከሚፈለገው ክብደት ጥቂት ፓውንድ አንሶ ተመለሰ። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ተመስገን ብሎ ሥራውን ይቀጥል ነበር። ይሄኛው ወፍራም ምግብ እየበላና በስቱዲዮው አሠልጣኝ እየታገዘ ክብደቱን ጨመረና ተመልሶ ሄደ። ማርች 22 ቀን 1941 ተራ ወታደር ሆኖ ገባ፤ በወር 21 ዶላር። አሜሪካ ገና ጦርነት ውስጥ አልገባችም ነበር። ዕድሜው 32 ዓመት ከ10 ወር ነው። በራሱ ገንዘብ በረራ ተምሮ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ጭምር ስለነበረው በ1942 መጀመሪያ ምክትል መቶ አለቃ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ጦሩ ታዋቂ ሰው አግኝቶ ለግንባር መስጠት አልፈለገም። በሬዲዮ ያናግሩታል፣ የምልመላ ፊልም ያሠሩታል፣ ከዚያ አይዳሆ ውስጥ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አስተማሪ አደረጉት። ያስተማራቸው ልጆች ወደ አውሮፓ ሲሄዱ እሱ ቀሪ ነው። ወደ ግንባር እንዲልኩት አለቆቹን ወተወተ፤ በመጨረሻም የሚያዝኑለት አዛዦች አግኝቶ ወደ 445ኛው የቦምብ ጣይ ቡድን ተዛወረ። እዚያም 703ኛውን ስኳድሮን እንዲያዝ ተደረገ። በኖቬምበር 1943 ቢ-24 አውሮፕላኖቻቸውን ይዘው እንግሊዝ አገር ኖርፎክ ውስጥ ቲበናም የሚባል ሠፈር ደረሱ። ሊሸኙት የመጡት አባቱ በደብዳቤ ውስጥ አንድ መዝሙር ከትተው ሰጥተውት ነበር፤ በእነሱ ቁጥር 91ኛው፣ በእኛ ዳዊት 90ኛው። እናቶቻችን ለመንገደኛ የሚደግሙት ማለት ነው። ያንን ወረቀት ከኪሱ አይለይም ነበር።

የመጀመሪያ ግዳጁ ዲሴምበር 13 ቀን ኪል ወደብ ላይ ነበር። ጃንዋሪ 7 ቀን 1944 ሉድቪግስሃፈንን መትተው ሲመለሱ ከፊት የሚመራው ሌላ ቡድን መንገድ ስቶ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ገባ። ስቱዋርት በሬዲዮ ሊያስጠነቅቅ ሞከረ፤ አልሰሙትም። የራሱን ቡድን ይዞ በትክክለኛው መንገድ መመለስ ይችል ነበር። ግን እነዚያ ለብቻቸው ከቀሩ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች እንደሚጨርሷቸው ስለገባው ተከትሏቸው ሄደ፤ በብዛታቸው እንዲከላከሉላቸው። እኔ ከጀግንነቱ ሁሉ ይህን ነው የምወድለት። አንድም ጥይት ሳይተኩስ፣ ሰዎቹ ስሕተት ላይ መሆናቸውን እያወቀ አብሯቸው ሄደ።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን ቡድኑ ያለ እሱ ጎታ ወደምትባል ከተማ በረረ። ዒላማው ላይ ከደረሱት 25 አውሮፕላኖች 13ቱ ሳይመለሱ ቀሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ወደ አሥር ሰው ነበር። በማግስቱ፣ አልጋዎቹ ባዶ ሆነው ሳለ፣ ስቱዋርት በኑረምበርግ አጠገብ ወደምትገኘው ፉርት ወጣ። የፀረ አውሮፕላን ጥይት ልክ ከአብራሪዎቹ ክፍል ወለል ሥር ፈነዳና እግሩ አጠገብ ቀዳዳ ከፈተ፤ ቁልቁል ሲመለከት የጀርመን ምድር ይታየዋል። በዚያው ሁኔታ ቅዝቃዜውን ተቋቁመው እንግሊዝ ደረሱ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ወገቡ ተሰነጠቀ፤ ዳግም አልበረረም።

በድምሩ 20 ግዳጅ ተመዘገበለት። ሁለት ጊዜ የዲስቲንጉሽድ ፍላይንግ ክሮስ፣ ከፈረንሳይ ደግሞ ክሯ ደ ጌር የተባለውን የጦር መስቀል ከነ ዘንባባው ተሸለመ። በማርች 1945 ኮሎኔል ሆነ፤ ከተራ ወታደርነት ኮሎኔልነት ድረስ አራት ዓመት ብቻ። ከማዕረጉ ይልቅ የከበደው ሌላው ነው። የስኳድሮን አዛዥ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ለእናቶች ደብዳቤ ይጽፋል። ተዋናይ ነው ብለው መጀመሪያ ሲያሽሟጥጡበት የነበሩት ልጆች ስም ከስሩ የሚሰረዘው በእሱ ብዕር ነበር።

አገሩ ሲገባ ሎስ አንጀለስ አልሄደም፤ ኢንዲያና ሄደ፣ አባቱ መደብር። ላይፍ መጽሔት በሴፕቴምበር 1945 ፎቶውን ሽፋኑ ላይ አወጣው። ያን ፎቶ ከኦስካሩ ምሽት ፎቶ ጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ፤ በመካከላቸው አሥራ አምስት ዓመት ያለ ነው የሚመስለው። የድሮው ስቱዲዮው ውሉን እንዲያድስ ጠየቀው፤ እምቢ አለ። በአዳዲሶቹ ውሎቹ ላይ ደግሞ የጦር ሜዳ ታሪኩ ለፊልም ማስታወቂያ እንዳይውል የሚከለክል አንቀጽ አስገባ። ማንም ሥራ ፈላጊ የሚያስቀድመውን፣ በሕይወት ታሪኩ መጀመሪያ ላይ የሚጽፈውን ነገር እሱ በሕግ አስዘጋው።

ከዚያ ደውሎ የጠራው ካፕራ ነበር። በ1946 የተሠራውን «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ»ን አሜሪካ የምትኖሩት በየዲሴምበሩ በቴሌቪዥን ታዩታላችሁ። ቀላል የገና ፊልም ነው ብላችሁ ያለፋችሁት ካላችሁ እንደገና እዩት። ጆርጅ ቤይሊ የሚባለው ሰው አገር ሊያይ፣ ትላልቅ ሕንፃ ሊሠራ ሲመኝ ከትንሽ ከተማው ሳይወጣ የቀረ ነው። ልብ በሉ፣ ሕንፃ! በልጅነቱ ወንድሙን ከበረዶ ኩሬ ሲያወጣ አንድ ጆሮው ስለደነቆረ ጦሩ አልወሰደውም። አውሮፕላን አብርሮ፣ ኒሻን ደርቶ የሚመለሰው ያ ታናሽ ወንድሙ ነው። እንግዲህ እውነተኛው ኮሎኔል፣ እውነተኛው ባለ ኒሻን ያልዘመተውን ሆኖ ይጫወታል፤ ጀግና አብራሪውን የሚጫወተው ሌላ ሰው ነው። ይህን ድልድል ሆን ብለው አስበውበት ይሁን አይሁን አላውቅም ብዬ ልለፈው አልችልም፤ ዞሮ ዞሮ ማያ ገጹ ላይ ያለው ፊት አንድ ነው። ጆርጅ ተስፋ ቆርጦ መጠጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ሲጸልይ ተዋናዩ ሳያስበው እንባው ፈሰሰ። ካፕራ ካሜራውን ያቆመው ራቅ አድርጎ ነበርና ያንኑ ለቅሶ ሊያስደግመው ስላልቻለ ምስሉን በላብራቶሪ አጉልቶ አቀረበው። ለዚህ ነው በዚያ ቦታ ላይ ምስሉ ትንሽ ሻከር የሚለው።

ፊልሙ ወጪውን ሳይመልስ ቀረ። የቅጂ መብቱ በ1974 ሳይታደስ ሲቀር የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በነፃ ያሳዩት ጀመር፤ ዛሬ የያዘውን ስም ያገኘው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የተዋናይነት ዘመኑ ለእኔ ከፊተኛው ይበልጣል። አንቶኒ ማን ከተባለው ዳይሬክተር ጋር ስምንት ፊልም ሠራ፤ አምስቱ የካውቦይ ናቸው። የ1950ው «ዊንቸስተር 73» መጀመሪያቸው ነው። የድሮው ለስላሳ ልጅ እዚያ የለም። ጥርሱን ነክሶ የሰው ፊት ጠረጴዛ ላይ የሚጨፈልቅ፣ ቂም የሚያነደው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው ያለው። «ዘ ኔክድ ስፐር» ላይ ለገንዘብ ሲል ሬሳ ጎትቶ ሊሸጥ የተነሣ ሰው ሆኖ መጨረሻ ላይ ሲያለቅስ ታዩታላችሁ። ተመልካቹ ተቀበለው። በገንዘብም በኩል ወኪሉ ሉ ዋሰርማን ለ«ዊንቸስተር 73» በቁርጥ ክፍያ ፈንታ ከትርፉ ድርሻ እንዲያገኝ አስማማለትና ጠቀም ያለ ገንዘብ ገባለት። ይህ ውል ከዚያ በኋላ ሆሊውድ ተዋንያንን የሚከፍልበትን መንገድ ለወጠው፤ የቢዝነስ ምሩቆቻችን በዚህኛው ፈገግ ይላሉ።

በዚያው ዓመት በ«ሃርቪ» ላይ ሌላ ሰው የማያየው ጥንቸል ጓደኛ ያለው ደግ ሰካራም ሆነ። ለሂችኮክ አራት ፊልም ሠራለት። «ሪር ዊንዶው» ላይ እግሩ ተሰብሮ በመስኮት ጎረቤት ይሰልላል። «ቨርቲጎ» ላይ ደግሞ ከፍታ የሚያዞረው መርማሪ ነው፤ ሰማይ ላይ ወለሉ ተቀድዶ ቁልቁል ያየው ሰው! በ1958 ሲወጣ ብዙም አልተወደደለትም ነበር። በ2012 የእንግሊዙ ሳይት ኤንድ ሳውንድ መጽሔት ሐያስያንን ሲያስመርጥ ከዓለም ፊልሞች አንደኛ የወጣው እሱ ነው። በ1959 «አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር» ላይ ጠበቃ ሆነ። አባትየው ግን ፊልሙን ነውረኛ ነው ብለው ከተማቸው ጋዜጣ ላይ ሰው እንዳያየው ማስታወቂያ አወጡ፤ በገዛ ልጃቸው ላይ። ያልተሳካለትም አለ። በ47 ዓመቱ የ25 ዓመቱን ሊንድበርግ እጫወታለሁ ማለቱ፣ ምንም ጠጉሩን ቢቀባ፣ ዓይን አያታልልም።

ውትድርናውን ጨርሶ አልተወውም፤ በተጠባባቂው አየር ኃይል ውስጥ ቀጠለ። በ1957 ለብርጋዴር ጄኔራልነት ሲታጭ ማርጋሬት ቼስ ስሚዝ የተባሉት ሴናተር በቂ የተጠባባቂነት ሥልጠና አልወሰደም ብለው ተቃወሙ፤ ሴኔቱም ውድቅ አደረገው። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ሴትየዋን ያወግዛሉ። እኔ ግን ማዕረግ በዝና እንዳይሰጥ መጠየቃቸው ተገቢ ነበር እላለሁ። እሱም አኩርፎ አልወጣም፤ ሥልጠናውን አሟልቶ በ1959 ማዕረጉን አገኘ። በፌብሩዋሪ 1966 በ57 ዓመቱ በታዛቢነት ቢ-52 ላይ ተሳፍሮ ቬትናም ላይ በረረ። በ1968 በጡረታ ተሰናበተ።

በ1949 ያገባት ግሎሪያ ሁለት ወንዶች ልጆች ይዛ ነበር የመጣችው፤ እንደ ራሱ አድርጎ አሳደጋቸው። በኋላ መንታ ሴቶች ወለዱ። ትልቁ ልጅ ሮናልድ የባሕር ወለድ ጦር መቶ አለቃ ሆኖ ቬትናም ዘመተ። ጁን 8 ቀን 1969 በ24 ዓመቱ ተገደለ። ስንት ደብዳቤ ለስንት ወላጅ የጻፈው ሰው፣ አሁን መርዶው ወደ እሱ ቤት መጣ። ጦርነቱን ደጋፊ ነበር፤ ከዚያም በኋላ አቋሙን አልለወጠም። ከዚያ ወዲያ በሠራቸው ፊልሞች ላይ ግን ወጣቶች ሲሞቱ ማየት ለእኔ ሌላ ነገር ሆኖብኛል። የ1965ቱ «ሼናንዶዋ» ላይ ልጆቹን ለጦርነት አልሰጥም የሚል አባት ሆኖ መሥራቱን ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል፤ አራት ዓመት ቀድሞ ነው።

ጦርነቱን በተመለከተ አንድ ጊዜ በካሜራ ፊት ተናግሯል። እንግሊዞች በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ዘ ወርልድ አት ዎር» የተሰኘውን ትልቅ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ሲሠሩ ጀርመን ላይ ስለተደረገው የአየር ድብደባ በሚተርከው ክፍል ውስጥ ገባ። ፊልም ተዋናይ መሆኑ እንዳይጠቀስ ብሎ ነበር። ከፊቱ በታች ጄምስ ስቱዋርት፣ የስኳድሮን አዛዥ የሚል ብቻ ተጻፈ።

ግሎሪያ በ1994 አረፈች። እሱ ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣቱን ተወው፤ ጁላይ 2 ቀን 1997 ቤቨርሊ ሂልስ በሚገኘው ቤቱ በ89 ዓመቱ አረፈ። ፕሪንስተን ውስጥ ናሶ ጎዳና ላይ ባለው የኪነ ጥበብ ሕንፃ ተማሪዎች ፊልም የሚያዩበት አዳራሽ በስሙ ተሰይሟል። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ስማቸውን ከተመረቁበት ዓመት ጋር ነው የሚጽፉት። የእሱም ስም አጠገብ ጄኔራልነቱም ኦስካሩም የሉም፤ ያለው 32 የሚል ቁጥር ነው።